የአባቴ ሐኪም «ብግነቱ ዕጢውን እያገዘው ነው» አሉን፤ ምን ማለታቸው ነው?

የበኩር ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። እስከ ዛሬ እዚህ የምትጽፉትን ማንበብ ብቻ ነበር ሥራዬ። ዛሬ ጭንቀቱ እንቅልፍ ስለነሳኝ ጻፍኩ።

አባቴ የምላስ ካንሰር እንዳለበት ካወቅን አንድ ወር ሆነን። ዕጢው ምላሱ ጎን ላይ ነው። አንገቱ ላይ ያለ አንድ ንፍፊትም ተነክቷል። ትናንት ሐኪሙ የናሙናውን ውጤት ሲያስረዱን «ዕጢው ዙሪያውን ብግነት አለ፤ ብግነቱም እያገዘው ነው» አሉ። በር ላይ ሌላ ታካሚ እየጠበቀ ስለነበር ተጨማሪ ሳንጠይቅ ወጣን።

እኔ የማውቀው ብግነት ሰውነት ራሱን ሲከላከል የሚመጣ መቆጣት መሆኑን ነው። እጄን ስቆረጥ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ከዚያ ይድናል። ታዲያ የሚከላከልልን ነገር እንዴት ብሎ ካንሰር ያሳድጋል? አክስቴ ደግሞ «ብግነት ከሆነማ ማስታገሻው ይኸው» ብላ አይቡፕሮፌን ገዝታ መጣች። እንስጠው ወይስ ይቅር? የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ በቀላል ቋንቋ አስረዱኝ።

የላብ ሰው

እህቴ፣ እግዜር ይማርላችሁ። ሐኪም አይደለሁም። ላብራቶሪ ውስጥ የራስና የአንገት ካንሰር ሴሎችን ነው የማጠናው። የማውቀውን ዘርዘር አድርጌ እጽፋለሁ፤ መጀመሪያ ግን የክኒኑን ነገር ልጨርስ። ሐኪማቸውን ሳትጠይቁ አትስጧቸው። ቀዶ ጥገና ከታሰበ ደም የመፍሰስ ጉዳይ አለ። ኬሞ ከታሰበም ለዚህ ካንሰር በብዛት የሚሰጠው ሲስፕላቲን ኩላሊት ላይ ይበረታል፤ አይቡፕሮፌንም ኩላሊትን ያስቸግራል። ሁለቱ ሲደራረቡ ጉዳቱ ሊከፋ ይችላል። አክስትሽ በፍቅር ነው ያመጡት፤ ግን ይቆይ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ያነሳሽው የተቆረጠ እጅ ከሁሉም የተሻለ ምሳሌ ነው። ቆዳ ሲቆረጥ የተጎዱት ሴሎች ይጮኻሉ። የሚጮኹት በፕሮቲን ነው። እነዚህን መልእክተኛ ፕሮቲኖች ሳይቶካይን እንላቸዋለን። ቀድመው ከሚወጡት ውስጥ ኢንተርሉኪን-1 እና ቲኤንኤፍ ይገኛሉ። አጠገባቸው ያለ ሴል መልእክቱን ላዩ ላይ ባለ ተቀባይ ይይዛል። ያን ጊዜ ሴሉ ውስጥ ታስሮ የተቀመጠ ኤንኤፍ ካፓ ቢ የሚባል ፕሮቲን ይፈታል። ራንጃን ሴን እና ዴቪድ ባልቲሞር በ1986 ያገኙት ነው። ሲፈታ ወደ ሴሉ ኒውክለስ ይገባና ብዙ ጂኖችን ይቀሰቅሳል። ሴሉም በተራው ኢንተርሉኪን-6ን፣ ኢንተርሉኪን-8ን እና ሌሎችን ማምረት ይጀምራል። ኢንተርሉኪን-8 ነጭ የደም ሴሎችን ይጠራል፤ አዲስ የደም ስር እንዲበቅልም ያግዛል። ኢንተርሉኪን-6 «አትሙቱ፣ ተባዙ» የሚል መልእክት ያደርሳል። ለቁስል ይህ ሁሉ ያስፈልጋል። ክፍተቱን የሚሞላ አዲስ ሴል ይፈለጋል፤ አዲሱ ሴል ደግሞ ደም ይፈልጋል።

ሥራው ሲያልቅ ጩኸቱ መቆም አለበት። ማቆሚያው እዚያው አብሮ የተሠራ ነው። ኤንኤፍ ካፓ ቢ ከሚቀሰቅሳቸው ጂኖች አንዱ፣ እሱኑ መልሶ የሚያስረውን ፕሮቲን የሚያመርት ነው። እየተፈታ ማሰሪያውን ያዘጋጃል ማለት ነው። ስንት ዓመት ሠርቼበት ዛሬም ያስደንቀኛል።

ዕጢ ውስጥ ይህ ማቆሚያ ይበላሻል። ሃሮልድ ድቮራክ የሚባሉ የፓቶሎጂ ሐኪም በ1986 ዕጢን ከማይድን ቁስል ጋር አመሳስለው ጽፈው ነበር። የአባትሽ ሐኪም ሊነግሯችሁ የፈለጉት ይህን ይመስለኛል። ቁስሉን ለመዝጋት የተሠራው ጥሪ ሳይቋረጥ ይቀጥላል። የካንሰሩ ሴል ደግሞ ጥሪውን ለራሱ ዕድገት ይጠቀምበታል።

ጠያቂው

የላብ ሰው፣ እናመሰግናለን። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ዕጢ ካለ በኋላ ሰውነት ስለሚቃወመው ብግነት መምጣቱ አይቀርም። ታዲያ ብግነቱ ካንሰሩን አሳደገው ለማለት ምን ማስረጃ አለ? እሳት ባለበት ሁሉ የእሳት አደጋ መኪና ይታያል። እሳቱን ያስነሳው ግን መኪናው አይደለም።

የላብ ሰው

ጥሩ ጥያቄ ነው። ምሳሌህም ጥሩ ነው። እዚህ ግን እሳቱ ራሱ መኪና እየጠራ፣ መኪናውም ውኃ ይዞ መጥቶ ነዳጅ ሲያርከፈክፍ ነው የምናየው።

ማስረጃው ከብዙ አቅጣጫ ነው። አንደኛ፣ የካንሰሩ ሴል ብቻውን በብልቃጥ ውስጥ ሲያድግ፣ አንድም የመከላከያ ሴል በሌለበት፣ እነዚህኑ ሳይቶካይኖች ያመርታል። በ1999 የካርተር ቫን ዌስ ቡድን ኢንተርሉኪን-6፣ ኢንተርሉኪን-8 እና የደም ስር የሚያበቅለው ቪኢጂኤፍ በእነዚህ ካንሰሮች እንደሚመረቱ፣ በታካሚዎች ደም ውስጥም ከፍ እንደሚሉ አሳይቷል። ስለዚህ «ሰውነት ስለተቃወመ ነው» የሚለው ብቻውን አይበቃም። ጥሪውን የሚያሰማው ዕጢው ራሱም ነው።

ሁለተኛው፣ ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው፣ ክቡ ነው። ኢንተርሉኪን-6 ሴሉ ላይ ያለውን ተቀባይ ሲይዝ ውስጥ ያለው ጃክ የሚባል ኤንዛይም ይነቃል። ጃክ ስታት3 የሚባለውን ፕሮቲን ያነቃል። ስታት3 ወደ ኒውክለስ ገብቶ ሴሉን ከሞት የሚያድኑና እንዲከፋፈል የሚገፉ ጂኖችን ይቀሰቅሳል። ያ ሁሉ አልበቃ ብሎ ተጨማሪ ኢንተርሉኪን-6 እንዲመረትም ያግዛል። አዲሱ ኢንተርሉኪን-6 ወጥቶ ያንኑ ሴል ወይም ጎረቤቱን መልሶ ያነቃል። እንዲህ እየዞረ ይቀጥላል። በላብራቶሪ ስታት3ን ስናፍነው ብዙዎቹ የዚህ ካንሰር ሴሎች ዕድገታቸው ይቀንሳል፤ የሚሞቱም አሉ። አጃቢ ብቻ ቢሆን ኖሮ እሱን ማፈን ሴሉን አይጎዳውም ነበር።

ሌላም መግቢያ በር አለ። ከራስና ከአንገት ካንሰሮች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ኢጂኤፍአር የሚባል የዕድገት ተቀባይ ላያቸው ላይ በብዛት ይደረድራሉ። እሱም ስታት3ን ያነቃል። ኢጂኤፍአርን የሚዘጋው ሴቱክሲማብ በአሜሪካ ለዚህ ካንሰር የተፈቀደው በ2006 ነው። ብዙ ሰው ላይ ግን የሚጠበቀውን ያህል አይሠራም ወይም ቶሎ ይለመዳል። አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። የፊቱ በር ሲዘጋ ኢንተርሉኪን-6 በጓሮ በኩል ስታት3ን ያነቃዋል።

ድድና ጥርስ

እኔ የጥርስ ሐኪም ነኝ፤ የአፍ ነገር ስለሆነ ትንሽ ልጨምር።

ጠያቂው ያነሳኸው «ማን ቀደመ» የሚለው ነገር በአፍ ውስጥ በዓይን ሊታይ የሚችል ነው። ሲጋራ የሚያጨስና አልኮል የሚያበዛ ሰው አፍ ለዓመታት በየቀኑ ይጎዳል፤ በየቀኑም ይጠገናል። ጭሱ ዲኤንኤውን ያበላሻል፤ ፒ53 የሚባለው የሴሉ ጠባቂ ጂን ኤችፒቪ ከሚባለው ቫይረስ ነፃ በሆኑት ካንሰሮች በአብዛኛው የተበላሸ ነው። በዚያው ልክ ጭሱ የአፍን ሽፋን ያስቆጣል። የተበላሸ ዲኤንኤ ያለው ሴል «ተባዙ» የሚል መልእክት በሚጎርፍበት ቦታ ሲቀመጥ አስቡት። ብልሽቱን ያመጣው ብግነቱ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። የተበላሸው ሴል እንዲያድግ መሬቱን ያለሰልስለታል።

ሊከን ፕላነስ የሚባል ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የአፍ ብግነት አለ። ካለባቸው ሰዎች ከ100 አንዱ ገደማ በጊዜ ሂደት ወደ ካንሰር ይሄዳል። አብዛኛው አይሄድም፤ ስለዚህ ያለባችሁ አትደንግጡ፤ ክትትል ግን አታቋርጡ። የድድ በሽታና የአፍ ካንሰር ግንኙነትም በብዙ ጥናት ታይቷል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ድዱ የታመመ ሰው ብዙ ጊዜ አጫሽም ነው፤ የአንዱን ጥፋት ለሌላው መስጠት ይመጣል።

በዚሁ ምክንያት የምራቅ ምርመራ ያን ያህል ቀላል አልሆነም። የአፍ ካንሰር ያለበት ሰው ምራቅ ውስጥ ኢንተርሉኪን-8 ከፍ ይላል። ድድ ሲቆጣም ከፍ ሊል ይችላል። መልእክተኛው አንድ ነው፤ የላከውን ለመለየት ነው ችግሩ።

አንድ ነገር ለሁላችሁ። አፍ ውስጥ ከ2 ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል፣ ነጭ ወይም ቀይ ንጣፍ፣ አንገት ላይ የማይጠፋ እብጠት፣ የማይለቅ የድምፅ መጎርነን ካለ አሳዩ። ባያምም አሳዩ። መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አያምም።

ሦስት ዓመቴ

ድድና ጥርስ፣ ይህን ስላልክ አመሰግናለሁ። የእኔም ታሪክ ይኸው ነው።

ምላሴ ሥር ቁስል ወጣብኝ። የሄድኩበት ክሊኒክ «ተቆጥቶ ነው» ብለው መጉመጥመጫ ሰጡኝ። ተመለስኩ፤ አሁንም «ብግነት ነው» አሉኝ፤ ሌላ መጉመጥመጫ። እንዲህ እያልኩ 5 ወር ሄደ። እውነት ለመናገር ብግነት ነው ማለታቸው ስህተት አልነበረም። ለምን ብግነቱ እንደማይቆም ግን ማንም አልጠየቀም፤ እኔም አልጠየቅኩም። በኋላ ሌላ ሐኪም ናሙና ወሰዱና ታወቀ። ቀዶ ጥገናና ጨረር ተደርጎልኝ አሁን ሦስት ዓመቴ ነው።

የበኩር ልጅ፣ የአባትሽ ድካም እንዴት ነው? እኔን ከሕመሙ ይልቅ የጎዳኝ ድካሙ ነበር። ቤተሰቤ «በርታ፣ ብላ፣ ተነስ» ይሉኛል። እኔ ደግሞ እጄን ማንሳት ያቅተኛል።

የበኩር ልጅ

ሦስት ዓመቴ፣ እንኳን ተረፍክልን። አዎ፣ ልክ እንደዚያ ነው። ሕክምና ገና ሳይጀምር 9 ኪሎ ቀንሷል። እናቴ የሚወደውን ሁሉ ትሠራለች፤ ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ይተወዋል። ትናንት «አንተ ራስህ መዳን አትፈልግም» ብላ አለቀሰች። እሱም ዞሮ ተኛ። ቤታችን ውስጥ ከበሽታው ይልቅ ይህ ነው የከበደን።

ነርስ ነኝ

እህቴ፣ ይህን ለእናትሽ አንብቢላቸው።

አባትሽ እምቢ ብለው አይደለም። እነዚያው ሳይቶካይኖች፣ ኢንተርሉኪን-6፣ ኢንተርሉኪን-1 እና ቲኤንኤፍ፣ ከዕጢው ወጥተው በደም ይዞራሉ። አንጎል ላይ የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳሉ። ጉበት ሥራውን እንዲቀይር ያደርጋሉ። ጡንቻ እንዲፈርስ ይገፋሉ። ጉንፋን ሲይዝሽ ምግብ የሚያስጠላሽ፣ ጠቅልለሽ መተኛት የሚያሰኝሽ በእነዚሁ መልእክቶች ነው። ልዩነቱ ጉንፋኑ በሳምንት ይለቃል፤ የእሳቸው ግን ለወራት አልለቀቀም። ከዚያ ላይ ምላሳቸው ቆስሎ ሲውጡ ያማቸዋል።

ስለዚህ በትልቅ ሳህን አታቅርቡ። በየሁለት ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት፣ ለስላሳ፣ ጉልበት ያለው ነገር ይሁን። ክብደታቸውን በየሳምንቱ መዝግቡ። 9 ኪሎ ቀላል ስላልሆነ ለሐኪሙ ሳትውሉ ሳታድሩ ንገሩ። ጨረር ከመጀመሩ በፊት በቱቦ መመገብ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ። ቱቦ ሲባል ብዙ ቤተሰብ ይደነግጣል፤ የመጨረሻው የደረሰ ይመስለዋል። በእኔ ክፍል ግን ቀድመው ተዘጋጅተው ሕክምናቸውን ሳያቋርጡ የጨረሱ ብዙ አይቻለሁ። ጨረር ሲጀመር አፍ ውስጥ መላጥ ይመጣል። እሱም ብግነት ነው፤ ኤንኤፍ ካፓ ቢ በጤናማው የአፍ ሽፋን ላይ ሲነቃ የሚመጣ። ሲመጣ እንዳትደነግጡ ብዬ ነው።

ጠያቂው

አሁን ገባኝ። ታዲያ ነገሩ ይህን ያህል ከታወቀ ለምን ኢንተርሉኪን-6ን የሚዘጋ መድኃኒት ሰጥተው አይገላገሉም? ለሪህ የሚሰጥ አለ አይደል?

የላብ ሰው

አለ፤ ቶሲሊዙማብ ይባላል። ለመገጣጠሚያ ብግነት ይሰጣል። ለራስና ለአንገት ካንሰር ግን መደበኛ ሕክምና አይደለም። ምክንያቱን በደንብ ላስረዳ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና።

አንድ ጊዜ ትልቁ ተስፋ ኮክስ-2 ነበር። ይህ ኤንዛይም ፕሮስታግላንዲን ኢ2 የሚባለውን የብግነት መልእክት ያመርታል። መልእክቱ ዕጢውን ያሳድጋል፤ የመከላከያ ሴሎችንም ያደነዝዛል። አፋቸው ውስጥ ወደ ካንሰር ሊሄድ የሚችል ነጭ ንጣፍ ላለባቸው ሰዎች ኮክስ-2ን የሚዘጋው ሴሌኮክሲብ ተሞከረ። ከባዶ ክኒን የተሻለ ውጤት አላሳየም። በ2004 ደግሞ የዚሁ ቤተሰብ የሆነው ሮፌኮክሲብ በድንገተኛ የልብ ሕመምና በስትሮክ አደጋ ምክንያት ከገበያ ወጣ። ያን ጊዜ ብዙ ተስፋ ቀዘቀዘ።

በ2019 ነገሩ በሌላ መልክ ተመለሰ። ፒአይኬ3ሲኤ የሚባለው ጂናቸው በዕጢው ውስጥ የተለወጠ ታካሚዎች ላይ ወደ ኋላ ተመልሶ የተሠራ ጥናት ወጣ። አስፕሪንና መሰል ማስታገሻዎችን ከ6 ወር በላይ አዘውትረው የወሰዱት ካልወሰዱት በጣም ረዘም ላለ ጊዜ ኖረዋል። ጂናቸው ያልተለወጠው ላይ ግን ጥቅሙ አልታየም። ወደ ኋላ የታየ መዝገብ ስለሆነ ብቻውን ማዘዣ አይሆንም። ነገር ግን አንድ ነገር ያሳያል፤ ጥያቄው «ብግነትን እንዝጋ ወይስ አንዝጋ» መሆኑ ቀርቶ «በማን ዕጢ ውስጥ የትኛውን መልእክት» ሆኗል።

ዋናው ችግር ደግሞ ይህ ነው። ሁሉም ብግነት ጠላት አይደለም። ቲኤንኤፍ ስሙ ራሱ ዕጢን የሚገድል ማለት ነው፤ በ1975 ሲገለጽ የአይጦችን ዕጢ ሲያፈርስ ታይቶ ነው የተሰየመው። በብዛት በአንድ ጊዜ ሲመጣ ይገድላል። በትንሹ ለዓመታት ሲንጠባጠብ ዕጢውን ይመግበዋል። ቲጂኤፍ ቤታ የሚባለው መልእክትም እንዲሁ፤ መጀመሪያ ላይ መባዛትን ያቆማል፤ ካንሰሩ ከጎለመሰ በኋላ ግን እንዲሰራጭ ያግዘዋል። ኢንተርፌሮን ጋማ ደግሞ ገዳይ ቲ ሴሎች የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች የሚተኩሱት መልእክት ነው፤ ያለ እሱ ዕጢውን ማጥቃት ይቸግራል። ይሁን እንጂ ዕጢው ኢንተርፌሮኑን ሲሰማ ፒዲ-ኤል1 የሚባል ጋሻ ላዩ ላይ ያወጣል። ቲ ሴሉ ጋሻውን ሲነካ ይደክማል።

ጥሩ ዜና የመጣው ከዚህ ጋሻ ነው። ጋሻው ቲ ሴሉን እንዳያደክም የሚከለክሉት ፔምብሮሊዙማብ እና ኒቮሉማብ በ2016 በአሜሪካ ለተመለሰ ወይም ለተሰራጨ የራስና የአንገት ካንሰር ተፈቀዱ። በ2019 ፔምብሮሊዙማብ ለተሰራጨው ወይም ለተመለሰው እንደ መጀመሪያ ሕክምና ተፈቀደ። በ2025 ደግሞ በቀዶ ጥገና ሊወጣ ለሚችል፣ ግን ገፋ ላለ ዕጢ፣ ከቀዶ ጥገናው በፊትና በኋላ እንዲሰጥ ተፈቀደ፤ ዕጢው ፒዲ-ኤል1 ካለው። አያችሁ፣ እዚህ የሚደረገው ብግነትን ማጥፋት አይደለም። ጠቃሚው ብግነት እንዲሠራ መንገድ መክፈት ነው። ሁሉንም ብግነት በጭፍን ብናፍን ይህንንም አብረን እንገድለዋለን።

ድድና ጥርስ

አንድ ማስተካከያ፣ የላብ ሰው። ስለ ኤችፒቪ ምንም አላልክም። የቶንሲልና የምላስ ሥር ካንሰሮች ብዙዎቹ ከዚህ ቫይረስ፣ በተለይ ከ16ኛው ዓይነት ጋር የተያያዙ ናቸው። እነዚያ ዕጢዎች ውስጥ ቲ ሴል ይበዛል፤ ለሕክምናም የተሻለ ይመልሳሉ። «ብግነት አለበት» ተብሎ የተጻፈ ውጤት ያየ ሰው ሁሉ መጥፎ ነው ብሎ እንዳይደመድም ነው። የትኞቹ ሴሎች ናቸው የገቡት የሚለው ይወስናል።

የላብ ሰው

ልክ ነህ፣ ማንሳት ነበረብኝ። የበኩር ልጅ፣ የአባትሽ ዕጢ ምላሱ ጎን ላይ ስለሆነ ከኤችፒቪ የመምጣቱ ዕድል ዝቅተኛ ነው። ሐኪሙን ግን ጠይቂ።

ሌላ አንድ ነገር። በ2008 የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ ከሕክምና በፊት በደማቸው ኢንተርሉኪን-6 ከፍ ያለባቸው ታካሚዎች ካንሰሩ የመመለስ ዕድሉ ከፍ ብሎ ታይቷል። ከሲጋራ ጋርም ተያይዟል። አባትሽ ያጨሳሉ?

የበኩር ልጅ

ለ30 ዓመት አጭሷል። ከታወቀ በኋላም በድብቅ በረንዳ ላይ ያጨስ ነበር። «ከዚህ በኋላ ምን ለውጥ ያመጣል» ይላል።

ሦስት ዓመቴ

ለውጥ ያመጣል። እኔም እንደሱ ብዬ ነበር። ሐኪሜ ያሉኝ ጨረሩ እያጨስኩ በደንብ እንደማይሠራ ነው። የተውኩት ያን ቀን ነው። ከፈለገ ስልክ አውራኝ በይው፤ በግል መልእክት ጻፊልኝ።

የበኩር ልጅ

ከአምስት ቀን በኋላ ተመለስኩ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ሐኪሙን በስልክ አገኘናቸው። አይቡፕሮፌኑን ከለከሉ፤ ለሕመሙ ሌላ አዘዙለት። የክብደቱን ነገር ሲሰሙ ቀጠሯችንን ወደ ማክሰኞ አመጡት፤ የሥነ ምግብ ባለሙያም እንድናይ አደረጉ። የፒዲ-ኤል1 ምርመራው ከናሙናው እየተሠራ ነው ብለዋል።

የነርሷን መልእክት ለእናቴ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማች። ማታ አንድ ስኒ ሾርባ ይዛ ገባች፤ «የቻልከውን» አለችው። ጨረሰው። ሁለት ሰዓት ቆይታ ሌላ ስኒ አመጣች።

ለአባቴም የቁስሉን ነገር ነገርኩት። የቁስሉ ጥሪ እንደማይቆም፣ ሲጋራው በየቀኑ አዲስ ቁስል እንደሚጨምርበት። ብዙ ሰዓት አሰበና «እና ዝም የሚያሰኘው ማን ነው?» አለኝ። ቀዶ ጥገናው የሚጮኸውን ያወጣል፣ ጨረሩ የቀረውን ይከተላል፣ በረንዳው ላይ ያለው ግን ያንተ ሥራ ነው አልኩት። ፓኬቱን ለእኔ ሰጠኝ። ሦስት ዓመቴ፣ ነገ ማታ ሊደውልልህ ይፈልጋል፤ ይመችሃል?

ሦስት ዓመቴ

ይመቸኛል። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ እጠብቃለሁ።